የጥንት የባሕር ካርታ አነባበብና አመረማመር

የጥንት የባሕር ካርታ ከጌጥነቱ በፊት የሥራ መሣሪያ ነው። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሜዲትራኒያን መርከበኞች፣ ኋላም የፖርቱጋል፣ የስፔን፣ የኔዘርላንድስና የእንግሊዝ አሳሾችና የባሕር ወንበዴዎች ይዘውት የተጓዙት ካርታ የተሠራው አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው፦ ከዚህ ወደብ ወደዚያ ወደብ በየትኛው አቅጣጫ፣ ምን ያህል ርቀት፣ በምን ያህል ጥልቅ ውኃ ላይ ይኬዳል? ካርታው የሚነበበው፣ ዕድሜው የሚገመተውና እውነተኛነቱ የሚረጋገጠው ይህ ጥያቄ ሳይዘነጋ ነው። የዓሣ ነባሪው ሥዕል፣ በወርቅ ቀለም ያሸበረቀው ባንዲራና ጉንጩን ነፍቶ የሚነፍሰው የነፋስ ራስ ተራቸው ኋላ ይመጣል።

ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ካርታውን በሙዚየም፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በኮምፒውተር ስክሪን ወይም በጨረታ ቤት ለሚያገኝ ሰው ያገለግላል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ የእጅ ባትሪ፣ ማስመሪያና ማስታወሻ መያዣ እርሳስ ናቸው፤ እስክሪብቶ ጥንታዊ ወረቀት አጠገብ አይቀርብም።

ዓይነቱን መለየት

የመጀመሪያው ሥራ ካርታው በእርግጥ የባሕር ካርታ መሆኑን ማወቅ ነው። ፈጣኑ መለያ ጽሑፉ ያረፈበት ቦታ ነው። የባሕር ካርታ ሠሪ ባሕሩን ለሥራ ክፍት ይተወዋል፤ የወደቦቹን ስም የሚጽፈው በየብሱ በኩል፣ ለባሕሩ ዳርቻ ቀጤ ነክ አድርጎ ነው። ስለዚህ ስሞቹን በተራ ለማንበብ ካርታውን እያዞሩ መሄድ ግድ ይላል፤ መርከበኛውም የሚያነበው እንዲሁ እያዞረ ነበር። የየብሱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፣ አለዚያም ነገሥታትና ድንኳኖች ተሥለውበታል። በተራራ፣ በወንዝና በከተማ የተጨናነቀ፣ ባሕሩ ላይ ግን መርከብና ጭራቅ ብቻ ያለበት ካርታ ለምሁር ጠረጴዛ የተዘጋጀ የየብስ ካርታ ነው።

ቀጥሎ ካርታው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይወሰናል። አንጋፋው ወገን ፖርቶላን የሚባለው፣ በእጅ ብራና ላይ የተሣለው የሜዲትራኒያን ካርታ ነው። ዛሬ በእጅ ካሉት ሁሉ የሚቀድመው፣ “ካርታ ፒዛና” የሚባለው፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ ሲሆን ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ሁለተኛው ወገን አዲሶቹ አህጉራት ሲታወቁ የመጣው ትልቁ የዓለም የባሕር ካርታ ነው። የሁዋን ዴ ላ ኮሳ የ1500 ካርታ በማድሪድ፣ የካንቲኖ ካርታ የሚባለው የ1502ቱ ደግሞ በጣሊያን ሞዴና ከተማ ይገኛሉ። የካንቲኖ ካርታ ታሪክ የእነዚህን ሥራዎች ዋጋ በደንብ ያሳያል። ፖርቱጋል የባሕር መንገዷን እንደ መንግሥት ምስጢር ትጠብቅ ነበር፤ የፌራራ መስፍን ወኪል የነበረው አልቤርቶ ካንቲኖ ግን በሊዝበን በ12 የወርቅ ዱካት ቅጂ አሠርቶ በድብቅ ወደ ጣሊያን አሻገረው።

ሦስተኛው ወገን የታተመው የባሕር አትላስ ነው። የመጀመሪያውን ሉካስ ዋኸናር የተባለ የኔዘርላንድስ መርከብ መሪ በ1584 በላይደን አሳተመ። መጽሐፉ በ1588 ወደ እንግሊዝኛ ከተመለሰ በኋላ እንግሊዞች ማንኛውንም የባሕር ካርታ መጽሐፍ በሰውየው ስም “ዋጎነር” ማለት ጀመሩ። አራተኛው ወገን የመርከብ መሪዎች የእጅ ጽሑፍ መጽሐፍ ሲሆን፣ ወደቦችን አንድ በአንድ በሥዕልና በቃል የሚገልጽ ነው። የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ በዋናነት የሚገናኘው ከዚህ ጋር ስለሆነ ኋላ ላይ ይነሣል።

ብራናውንና ወረቀቱን መመርመር

ካርታው ከመነበቡ በፊት በጥንቃቄ ተገልብጦ ይታያል። በፍሬም ውስጥ ያለ ካርታ ካልወጣ በቀር አይገመገምም።

ፖርቶላን የሚሣለው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሙሉ ቆዳ ላይ ነው። በብዙዎቹ ላይ የእንስሳው አንገት ሳይቆረጥ ስለቀረ የካርታው አንዱ ጫፍ ጠበብ ይላል። የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው እዚህ ላይ የሠለጠነ ዓይን ይዞ ይመጣል፦ የጠጉር ወገኑ ወደ ቢጫ ያደላና የጠጉር ቀዳዳ ነጠብጣብ ያለበት፣ የሥጋ ወገኑ ደግሞ ነጣና ለስለስ ያለ ነው። ካርታው እንደ ደንቡ የሚሣለው በሥጋው ወገን ነው። ነጠብጣቡ እየተደጋገመ አንድ ዓይነት ሆኖ ከታየ፣ ወይም በሁለቱም ወገን ምንም ልዩነት ከሌለ ብራና መሳይ የፋብሪካ ወረቀት ነው ማለት ነው።

ወረቀት ከሆነ ከበስተ ኋላው ብርሃን ይበራበታል። ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት የተሠራ የአውሮፓ ወረቀት በሽቦ ወንፊት ላይ የተዘረጋ በመሆኑ ተቀራርበው የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮችና እነሱን በ2 ወይም በ3 ሳንቲሜትር ልዩነት የሚያቋርጡ መስመሮች ይታዩበታል። የወረቀት ሠሪው የውኃ ምልክትም ይገኝበታል፤ አበባ፣ ጋሻ፣ የወይን ዘለላ ወይም ፊደል ሊሆን ይችላል። መስመር የሌለው ልሙጥ ወረቀት በእንግሊዝ የታየው ከ1757 ጀምሮ ሲሆን የተስፋፋውም ወደ 1800 ገደማ ነው። ስለዚህ 1650 የሚል ዓመት ተጽፎበት ልሙጥ ወረቀት ላይ የታተመ ካርታ የኋላ ቅጂ ነው።

ብዙ ገዢዎችን የሚያሳስተው የወረቀቱ መልክ ነው። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወረቀት የሚሠራው ከበፍታና ከጥጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለነበር፣ በደንብ የተያዘ የ1600ዎቹ ካርታ እስከ ዛሬ ነጭና ጠንካራ ነው። የሚጠቁረውና የሚፈረፈረው ከእንጨት የተሠራው የኋለኛው ዘመን ወረቀት ነው። ዳር እስከ ዳር እኩል የወየበ፣ ጫፎቹ የተለበለቡ “ጥንታዊ” ካርታ በሻይ ወይም በቡና የተነከረ የቱሪስት ዕቃ መሆኑን ወዲያው መጠርጠር ተገቢ ነው።

የመስመሮቹን መረብ መፍታት

አዲስ አንባቢን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ባሕሩን የሞላው የመስመር መረብ ነው። ሥርዓቱ ሲገባ ግን ካርታው በሙሉ ይከፈታል። ሠሪው መጀመሪያ በዓይን የማይታይ ትልቅ ክብ ያበጅና ዙሪያውን በ16 ነጥብ ይከፍለዋል። ከየነጥቡ የሚነሡት ጨረሮች 32 አቅጣጫዎችን ይሰጣሉ። መስመሮቹ በቀለም ይለያያሉ፦ 8ቱ ዋና ነፋሶች በጥቁር ወይም በቡናማ፣ 8ቱ የመካከል ነፋሶች በአረንጓዴ፣ የቀሩት 16ቱ ደግሞ በቀይ ይሰመራሉ። መርከብ በሚዋልልበት፣ መብራቱም በሚጨስበት ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ የቀለም ልዩነት መስመር ከመስመር እንዳያምታታ ይጠብቀዋል።

ነፋሶቹ በጣሊያንኛ ስማቸው ይጠራሉ። ትራሞንታና ሰሜን፣ ግሬኮ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሌቫንቴ ምሥራቅ፣ ሺሮኮ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኦስትሮ ደቡብ፣ ሊቤቾ ደቡብ ምዕራብ፣ ፖኔንቴ ምዕራብ፣ ማኤስትሮ ሰሜን ምዕራብ ነው። በካርታው ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ነው። በምሥራቅ በኩል በፊደሉ ፋንታ መስቀል ይቀመጣል፤ ኢየሩሳሌም በዚያ በኩል ናትና። ሰሜንን ደግሞ ኋላ ላይ የአበባ ቅርጽ ያለው የሾለ ምልክት ያመለክታል። ኮምፓስ ሮዝ የሚባለው ባለ ጨረር ክብ በካርታ ላይ በመጀመሪያ የታየው በ1375 በማዮርካ ደሴት በተሠራውና የአብርሃም ክሬስኬስ ሥራ ነው በሚባለው የካታላን አትላስ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ተሠራ በሚባል ካርታ ላይ ያጌጠ ኮምፓስ ሮዝ ከተገኘ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

መርከበኛው በመረቡ የሚጠቀመው እንዲህ ነው። ማስመሪያውን መነሻ ወደቡና መድረሻው ላይ ያጋድማል። ከዚያ ከማስመሪያው ጎን ለጎን የሚሄደውን ቅርብ መስመር በባለ ሁለት እግር መለኪያ ይፈልጋል። ያንን መስመር እስከ ክቡ ተከትሎ የነፋሱን ስም ያነብባል፤ በኮምፓስ የሚይዘው አቅጣጫ ያ ነው። ርቀቱን በመለኪያው እግሮች ወስዶ ከካርታው ዳር ካለው ስኬል ጋር ያስተያያል። በእርግጥ በባሕር ላይ የሠራ ካርታ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የመለኪያው እግር የወጋቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገኙበታል። እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ የሠሩት ካርታዎች በጨውና በእርጥበት አልቀዋል፣ ለመኳንንት ስጦታ የተሠሩት ያማሩት ግን ከሣጥን ሳይወጡ ቆይተውልናል። ቀዳዳ ያለበት፣ ቀለሙ የፈዘዘ፣ ጌጥ የሌለው ካርታ ከወርቅ ቅቡ ይልቅ ለታሪክ የሚበልጥ ምስክር የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር እንደ ስሕተት እንዳይቆጠር ያስፈልጋል። በፖርቶላን ላይ ሜዲትራኒያን ወደ 10 ዲግሪ ገደማ የተጣመመ፣ ምሥራቃዊ ጫፉም ወደ ሰሜን ከፍ ያለ ይመስላል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከኮምፓስ መርፌ ጋር ያያይዙታል፤ መርፌው የሚያሳየው መግነጢሳዊውን ሰሜን ነው፣ ካርታውም የተሠራው በመርፌው ነው። ይህ ልዩነት ራሱ በካርታ ላይ የሰፈረው ቆይቶ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤድመንድ ሃሌይ ከ1698 እስከ 1700 በአትላንቲክ ላይ ተጉዞ የለካውን በ1701 በጠማማ መስመሮች አሳትሟል።

ዲግሪ፣ ርቀትና ጥልቀት

ቀጥሎ በካርታው ዳር የዲግሪ መለኪያ መኖሩ ይታያል። በጥንቶቹ ፖርቶላኖች ላይ የለም። የኬክሮስ መለኪያ ካርታ ላይ መስፈር የጀመረው ፖርቱጋሎች በአፍሪካ ዳርቻ ወደ ደቡብ ወርደው በፀሐይና በኮከብ ከፍታ መጓዝ ከለመዱ በኋላ፣ በ1500ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኬክሮስ ካለ በማስመሪያ ይለካል፦ ከምድር ወገብ አጠገብ ያለው የአንድ ዲግሪ ርዝመት 60ኛው ዲግሪ አካባቢ ካለው ጋር እኩል ከሆነ ካርታው ጠፍጣፋ የሚባለው ዓይነት ነው። 60ኛው ላይ እጥፍ ሆኖ ከተገኘ ሠሪው የተጠቀመው ኸራርድ መርካቶር በ1569 ያወጣውን ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ የኮምፓስ አቅጣጫን ቀጥ ባለ መስመር ለመሣል ያስችላል። ሆኖም መርከበኞች የለመዱትን ጠፍጣፋ ካርታ ለመተው ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል፤ ጠፍጣፋ መሆኑ ብቻውን ካርታው ከ1569 በፊት የተሠራ ነው አያሰኝም።

ርቀቱ በሊግ ወይም በማይል የተሰጠ ነው፣ ሊጉም እንደየአገሩ ይለያያል። የእንግሊዝና የፈረንሳይ የባሕር ሊግ 20ው አንድ ዲግሪ ይሞላል፤ የስፔኑ 17 ተኩል፤ በኔዘርላንድስ ካርታዎች ላይ የሚገኘው የጀርመን ማይል 15። አንድ ዲግሪ 60 የባሕር ማይል፣ የባሕር ማይሉም 1,852 ሜትር ስለሆነ ወደ ኪሎ ሜትር መለወጥ አያስቸግርም። አንድ የዲግሪ ርዝመት ተለክቶ በስኬሉ ላይ ሲቀመጥ ስንት ሊግ እንደሚይዝ መቁጠር የካርታውን አገር ለመለየት ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

በወደብ አፍ ላይ የተበተኑት ቁጥሮች ጥልቀት ናቸው፣ በፋቶም የተሰጡ። የእንግሊዙ ፋቶም 6 ጫማ ወይም 1.83 ሜትር ነው፤ እርሳስ የታሰረበትን ገመድ ከባሕር የሚስብ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ከሚለካው ርዝመት የመጣ ነው። የነጠብጣብ ክምር ጥልቀት የሌለው አሸዋማ ቦታን፣ ትንንሽ መስቀሎች አለትን፣ የመልሕቅ ምልክት ደግሞ መርከብ ቆሞ የሚያድርበትን ቦታ ያሳያሉ። ዋኸናር በየካርታው ላይ ዳርቻው ከባሕር ሆነው ሲያዩት የሚኖረውን መልክ፣ ኮረብታውንና የቤተ ክርስቲያኑን ማማ ሳይቀር ሥሏል። ጭጋግ በበዛበት የሰሜን ባሕር ላይ ለሚጓዝ መርከብ መሪ ከቁጥሩ ይልቅ ይህ የዳርቻ ገጽታ ሕይወት ያድን ነበር።

ስሞችን ማንበብ፦ የቀይ ባሕር ምሳሌ

ስሞች በሁለት ቀለም ይጻፋሉ፤ ዋና ዋና ወደቦች በቀይ፣ ሌሎቹ በጥቁር። አጻጻፋቸው እንደ ሠሪው ቋንቋ ስለሚለያይ የሚሻለው መንገድ በእርግጠኝነት ከሚታወቅ አንድ ቦታ ተነሥቶ ዳርቻውን ተከትሎ መሄድ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ጥሩ መለማመጃ ቀይ ባሕር ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፖርቱጋል ካርታዎች ላይ ምጽዋ “ማሱዋ”፣ ዳህላክ “ዳላካ”፣ ሕርጊጎ “አርኪኮ” ተብለው ይገኛሉ። በየብሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ይታያል።

ባሕሩ ራሱ በብዙ ጥንታዊ ካርታዎች ላይ በቀይ ቀለም ተቀብቷል። በካታላን አትላስ ላይ ከቀዩ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ አንድ ጠባብ ቦታ ሳይቀባ ቀርቷል፤ የእስራኤል ልጆች የተሻገሩበት ነው። ይህን የቀለም ነገር በዓይኑ አይቶ ለመወሰን የተነሣ ሰው ዦአዎ ዴ ካስትሮ ነው። በ1541 ኢስቴቫዎ ዳ ጋማ የመራው የፖርቱጋል የጦር መርከቦች ጓድ ከሕንድ ተነሥቶ በባብ ኤል መንደብ በኩል ምጽዋ ደረሰ፣ ከዚያም እስከ ስዊዝ ዘለቀ። ካስትሮ የአንዱ መርከብ አዛዥ ሆኖ ሲጓዝ በየወደቡ የፀሐይን ከፍታ እየለካ ኬክሮስ ይመዘግብ፣ ጥልቀት ያስለካ፣ ወደቡን ከከፍታ ሆኖ እንደሚያይ ሰው ይሥል ነበር። ውኃውን አስቀድቶ ሲያየው ከሌላው ባሕር ውኃ ምንም ልዩነት አላገኘበትም። ባሕሩ የቀላ በሚመስልበት ቦታ ጠላቂዎች አስገብቶ ከሥሩ ድንጋይ ሲያስወጣ ቀይ ኮራል ሆኖ ተገኘ። የመንገድ መግለጫው ከሥዕሎቹ ጋር ያለበት አንድ ቅጂ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ለአፄ ገላውዴዎስ እርዳታ ከክሪስቶፎር ዳ ጋማ ጋር ምጽዋ የወረዱት 400 ወታደሮች የመጡት በዚሁ ጓድ ነው፤ ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ያለው የምጽዋ ሥዕል ወታደሮቹ በወረዱበት ዓመት የተነሣ የወደቡ መልክ ነው።

ዕድሜውን መገመት

በታተመ ካርታ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው በጌጥ የተከበበው የርዕስ ሣጥን ነው። ከስሞች በኋላ የሚመጡ ሦስት የላቲን ቃላት ሥራውን ማን እንደሠራ ይናገራሉ፦ “ዴሊኔያቪት” ሣለው፣ “ስኩልፕሲት” በመዳብ ላይ ቀረጸው፣ “ኤክስኩዲት” አሳተመው ማለት ነው። ዓመት ተጽፎ ከሆነ መዳቡ የተቀረጸበት ዓመት ነው። ወረቀቱ የታተመበት ዓመት ላይሆን ይችላል። መዳብ ውድ ስለነበር አንዱ አሳታሚ ሲሞት ሌላው ይገዛውና ስሙን ፍቆ የራሱን አስቀርጾ ለአሥርተ ዓመታት ማተሙን ይቀጥላል። በአጉሊ መነጽር ከአዲሱ ስም በታች የአሮጌው ፍቅፋቂ አንዳንዴ ይታያል።

ስለዚህ ጂኦግራፊው ራሱ ይጠየቃል። ደንቡ አንድ ነው፦ የሚወስነው በካርታው ላይ ያለው ከሁሉ የመጨረሻው እውቀት ነው፤ አሮጌ ስሕተት አሳታሚዎች ሳያርሙት ብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላልና። “አሜሪካ” የሚለው ስም ካለ ካርታው ከ1507 በፊት አይሆንም። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ኬፕ ሆርን በክፍት ባሕር ከታየ ከ1616 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ቲየራ ዴል ፉዌጎ ከታላቅ የደቡብ አህጉር ጋር እንደተያያዘ ይታሰብ ነበር። ካሊፎርኒያ ደሴት ሆና የምትሣልበት ልማድ በታተሙ ካርታዎች ላይ ከ1622 ገደማ ጀምሮ ተስፋፍቶ፣ በ1747 የስፔን ንጉሥ ደሴት አለመሆኗን በአዋጅ እስከ መግለጽ ደረሰ። ኒው ዚላንድ አንድ የተቆረጠ የምዕራብ ዳርቻ ብቻ ከሆነች ካርታው በአሳሹ ታስማን የ1642 ጉዞና በመርከበኛው ኩክ የ1769 መምጣት መካከል ያለ ነው። ኒው አምስተርዳም ኒው ዮርክ የሆነችው በ1664 ነው። ሃዋይ ካለች ከ1778 በኋላ፣ ታስማኒያ ከአውስትራሊያ ተለይታ ከታየች ከ1798 በኋላ ነው። ኬንትሮሱ ከየት እንደሚቆጠርም ይታያል፤ ከካናሪ ደሴቶች፣ ከፓሪስ ወይም ከለንደን ሊሆን ይችላል፣ ግሪኒች የጋራ መነሻ እንዲሆን የተስማሙት በ1884 ነውና።

የባሕር ወንበዴዎች ካርታ

የተቀበረ ሀብት ቦታ በመስቀል ምልክት የሚያሳይ ካርታ በገበያ ላይ ሲቀርብ መልሱ አጭር ነው፦ እንዲህ ያለ ካርታ የልብ ወለድ ልጅ ነው። ያስፋፋው የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን “የሀብት ደሴት” ሲሆን በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ1883 ነው። ካፒቴን ዊልያም ኪድ በ1699 በኒው ዮርክ አቅራቢያ በጋርዲነርስ ደሴት ጥቂት ሀብት መቅበሩ እውነት ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ባለሥልጣናት አውጥተውታል፣ እሱም በ1701 በለንደን ተሰቅሏል።

ወንበዴዎች በእርግጥ የሚፈልጉት የሌላውን ሰው የሥራ ካርታ ነበር። በሐምሌ 1681 ባርቶሎሚው ሻርፕ የመራቸው እንግሊዞች ዛሬ ኢኳዶር በምትባለው አገር ዳርቻ ኤል ሳንቶ ሮሳሪዮ የተባለች የስፔን መርከብ ያዙ። ስፔኖቹ ወደ ባሕር ሊወረውሩት ሲሉ የተነጠቀው ነገር የአሜሪካን የፓስፊክ ዳርቻ ወደቦች የያዘ የመርከብ መሪዎች መጽሐፍ ነበር። የስፔን አምባሳደር ባቀረበው አቤቱታ ሻርፕ በ1682 በለንደን በውንብድና ተከሶ ቀረበ፤ በነፃም ተለቀቀ። የመጽሐፉ ቅጂ ለንጉሥ ቻርልስ 2ኛ መበርከቱ ለዚህ ሳይረዳው እንዳልቀረ የታሪክ ጸሐፊዎች ያምናሉ። ዊልያም ሃክ የተባለ የለንደን ካርታ ሠሪ መጽሐፉን በቀለም እያስዋበ ደጋግሞ በእጅ ገልብጦታል፤ ስፔን የደበቀችውን እንግሊዝም ደበቀችውና ሳይታተም ቀረ። ከቅጂዎቹ በግሪኒች የባሕር ሙዚየምና በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ያሉት ሊታዩ ይችላሉ። በነዚህ ገጾች ላይ የሚፈለገው መልሕቅ መጣያ፣ የመጠጥ ውኃ የሚቀዳበት ቦታና ወደ ወደብ ሲገባ የሚታየው ተራራ ነው።

በተመሳሳይ ዓይን የባብ ኤል መንደብ ካርታ ቢታይ በመተላለፊያው ላይ ያለችው ትንሿ የፔሪም ደሴት ትርጉም ታገኛለች። ወንበዴው ሄንሪ ኤቨሪ በ1695፣ ኪድም በ1697 ከየመኑ የሞካ ወደብ የሚወጡትን የንግድና የሐጅ መርከቦች ያደፈጡት እዚያ ነው።

እውነተኛነቱን ማረጋገጥ

በመዳብ የታተመ ካርታ ዙሪያውን በማተሚያው ክብደት የተጫነ የመዳቡ ጠርዝ አሻራ ይኖረዋል፤ ባትሪው ከጎን ሲበራ ጎልቶ ይታያል። የተቀረጸው መስመር ጫፉ እየቀጠነ የሚያልቅ፣ ቀለሙም ለጣት በመጠኑ ከፍ ያለ ነው። በአጉሊ መነጽር መስመሩና ቀለሙ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከተበተነ ካርታው በዘመናዊ ማተሚያ የተባዛ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ቀለም የሚቀባው በእጅ ነው። ከመዳብ የሚሠራው የጥንቱ አረንጓዴ ቀለም ወረቀቱን ቀስ በቀስ ስለሚበላ፣ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ በጀርባ በኩል ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ፊቱ ላይ አረንጓዴ፣ ጀርባው ላይ ንጹሕ ነጭ ከሆነ ቀለሙ በቅርብ ጊዜ የተጨመረ ሊሆን ይችላል። ይህ ካርታውን ሐሰተኛ አያደርገውም፣ ዋጋውን ግን ይቀንሳል። ከአትላስ የወጣ ካርታ መሐሉ ላይ እጥፋት፣ ብዙ ጊዜም በጀርባው የታተመ ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል።

ዓይን በማይደርስበት ኬሚስትሪ ይደርሳል። በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውና ከኮሎምበስ በፊት ሰሜን አሜሪካን ያሳያል ተብሎ በ1965 የታተመው የቪንላንድ ካርታ የተሣለበት ብራና በእርግጥ የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነበር። በመስመሮቹ ውስጥ የተገኘው የቲታኒየም ውህድ ግን በቀለም ሥራ ላይ የዋለው በ1920ዎቹ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ2021 ካርታው ሐሰተኛ መሆኑን አስታውቋል። አሮጌ ብራና ላይ አዲስ ሥዕል መሥራት ስለሚቻል የቆዳው ዕድሜ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም።

ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተመሳሳዩን ካርታ ከታወቀ ቅጂ ጋር ማስተያየት አለበት። በዋሽንግተን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የካርታ ክፍል፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዴቪድ ራምዚ ስብስብ በሺዎች የሚቆጠሩ ካርታዎችን በኢንተርኔት በነፃ ያሳያሉ። ቀጥሎ ካርታው ከማን ወደ ማን እየተላለፈ እንደመጣ የሚያሳይ ጽሑፍና ደረሰኝ ይጠየቃል። ይህ የይስሙላ ጥያቄ አይደለም፤ በ2005 በዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አንድ የካርታ ነጋዴ የወደቀበት ምላጭ ተገኝቶ ከተያዘ በኋላ ከልዩ ልዩ ቤተ መጻሕፍት 97 ካርታዎች መስረቁን አምኗል። የተፋቀ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም፣ ወይም በአንድ ጎኑ በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል ጠርዝ ያለው ካርታ አይገዛም።

አያያዝ

ካርታ የሚነካው በታጠበና በደረቀ እጅ ነው፤ የጨርቅ ጓንት ጣትን ስለሚያደነዝዝ ወረቀት ያስቀድዳል። የሚቀመጠው አሲድ በሌለው ካርቶን ውስጥ ተጋድሞ፣ ከኩሽናና ከመታጠቢያ ቤት ርቆ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ አልትራቫዮሌት የሚከላከል መስታወት ይደረግለታል፣ መስታወቱም ካርታውን እንዳይነካው በመሐል ክፍተት ይተዋል። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ አይመረጥም፤ ሙዚየሞች በ50 ሉክስ ደብዘዝ ያለ ብርሃን የሚያሳዩት የጠፋ ቀለም ስለማይመለስ ነው። የተቀደደ ወረቀት በፕላስተር ወይም በስኮች አይለጠፍም፣ በላስቲክም አይታሸግም፤ ሙጫው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይገባል። ብራና ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ጋር ስለሚዘረጋና ስለሚኮማተር ከካርቶን ጋር በማጣበቂያ አይያያዝም። የተሸበሸበውን በካውያ ለማቃናት መሞከርም ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ቀለሙንም ያረግፈዋል፤ ሥራው ለሠለጠነ የብራና ጠጋኝ ይሰጣል።